የፀሐይን ፍንዳታ በቴሌቪዥን ቱነር

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1967 አሜሪካ በአላስካ፣ በግሪንላንድና በእንግሊዝ የተከለቻቸው ግዙፍ ራዳሮች በአንድ ጊዜ ታወኩ። ራዳሮቹ የቆሙት ከሶቪየት ኅብረት የሚወነጨፍ ሚሳይል ቢኖር ቀድመው እንዲያዩ ነበር። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነውና እንዲህ ያለውን ራዳር ሆን ብሎ ማወክ የጦርነት ድርጊት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል የኑክሌር ቦምብ የሚጥሉ አውሮፕላኖቹን ለማስነሳት መዘጋጀት ጀመረ። ነገሩን ያበረደው የፀሐይን ሁኔታ የሚከታተሉ ጥቂት የአየር ኃይሉ ባለሙያዎች በጊዜ ያደረሱት መረጃ ነው። ራዳሮቹን ያወከቻቸው ሞስኮ ሳትሆን ፀሐይ ነበረች። ይህ ታሪክ በዝርዝር ታትሞ የወጣው ከ49 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። እኔ በሙያዬ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ የፀሐይን ፍንዳታ የሚመዘግብ ስፔክትሮግራፍ መንደፍ ከጀመርኩ ወዲህ ‹‹ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የናሳ ሥራ አይደለም ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ ሳልሰማ የከረምኩበት ሳምንት የለም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ያለው በመሣሪያው አሠራር ውስጥ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

የፀሐይ ፍንዳታ ስል በእንግሊዝኛው ሶላር ፍሌር የሚባለውን ማለቴ ነው። በፀሐይ ገጽ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መስለው በሚታዩት ሥፍራዎች ኃይለኛ ማግኔታዊ መስኮች አሉ። እነዚህ መስኮች ተጠማዘውና ተወጥረው ይቆዩና በድንገት ቅርፃቸውን ሲለውጡ የተከማቸው ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል። በዙሪያው ያለው ጋዝ ከ10 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ኤሌክትሮኖችም የብርሃንን ፍጥነት ሲሶ በሚያህል ፍጥነት ይወነጨፋሉ። ከፍንዳታው የሚወጣው ኤክስ ሬይ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ተጉዞ ምድር ይደርስና አዮኖስፌር የሚባለውን የከባቢ አየር ክፍል ይመታል። ያን ጊዜ በአዮኖስፌር እየነጠረ ረጅም ርቀት ይጓዝ የነበረው አጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ፀሐይ በወጣችበት የምድር ክፍል ሁሉ ተውጦ ይቀራል።

ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017) በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የሆነው ይኸው ነበር። ኤክስ 9.3 የሚል ደረጃ የተሰጠው ፍንዳታ ደረሰ፤ በዚያ የፀሐይ ዑደት ውስጥ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ነው። ያን ሰሞን ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ካሪቢያንን እየደበደበ ነበርና ለአደጋ ጊዜ ሥራ ያገለግል የነበረው የአጭር ሞገድ ግንኙነት በቁርጥ ሰዓት ተስተጓጎለ። ፀሐይ በዚያ ሰዓት በእኛም ሰማይ ላይ ነበረች። ረጅም በረራ ላይ ያለ ፓይለት ከመደበኛው ሬዲዮ ርቀት ሲወጣ ከሚነጋገርባቸው መንገዶች አንዱ አጭር ሞገድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2015፣ ከፀሐይ የመጣ የሬዲዮ ሞገድ የስዊድንን የአየር ትራፊክ ራዳሮች አውኮ በረራዎችን አስተጓጉሏል።

ለመሆኑ ስፔክትሮግራፍ ምንድን ነው? ብርሃንን ወይም ሌላ ሞገድን እንደየፍሪኩዌንሲው ዘርዝሮ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። የዝናብ ጠብታ የፀሐይን ብርሃን ቀስተ ደመና አድርጎ እንደሚዘረዝረው ማለት ነው። ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 የፀሐይን ብርሃን በጥንቃቄ ሲዘረዝር በቀለማቱ መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መስመሮች አየ። መስመሮቹ ፀሐይ ላይ ያሉት ንጥረ ነገሮች አሻራ መሆናቸው የታወቀው በኋላ ነው። ዛሬ ከእነዚህ መስመሮች የጋዙን ዓይነት፣ ሙቀትና ፍጥነት ማንበብ ይቻላል። ለምሳሌ 656.3 ናኖ ሜትር ላይ የምትገኘውን ቀይ የሃይድሮጂን መስመር እንውሰድ። ጋዙ በሰከንድ 50 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ ቢመጣ መስመሯ 0.11 ናኖ ሜትር ያህል ወደ ሰማያዊው ወገን ትጠጋለች። እንግዲህ መሣሪያችን ከ6,000 አንድ እጅ የምታህል ልዩነት መለየት ይኖርበታል።

ይህን ያህል ጥራት በላቦራቶሪ ውስጥ ከባድ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ፍንዳታን ለማየት ሲሞከር ነው። ባለመስታወቱ ስፔክትሮግራፍ ብርሃን የሚያስገባው በቀጭን ስንጥቅ በኩል ነው። ስንጥቁ ያረፈበትን መስመር እንጂ ሌላውን የፀሐይ ገጽ አያይም። ፍንዳታ ደግሞ የሚነሳበትን ቦታና ሰዓት አስቀድሞ አይናገርም። ስንጥቁን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሱ ገጹን መቃኘት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ቅኝቱ ሲጠናቀቅ የፍንዳታው ዋና ክፍል አልፎ ይገኛል። ስንጥቁን ጭራሽ ማስወገድም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 ስካይላብ በተባለው የጠፈር ጣቢያ ላይ የተጫነው ባለስንጥቅ ያልሆነ መሣሪያ የፀሐይን ሙሉ ምስል በየቀለሙ ያነሳ ነበር፤ ምስሎቹ ግን እርስ በርስ ተደራርበው እየወጡ ለመለየት አስቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀችው አይሪስ የተባለችው ሳተላይት ባለአንድ ስንጥቅ ናት። ናሳ በ2022 የመረጠው ሚዩዝ የተባለው ዕቅድ ደግሞ ከ30 በላይ ስንጥቆችን ጎን ለጎን አሰልፎ ችግሩን ለማቃለል ያለመ ነው። ከስካይላብ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም ባለሙያዎቹ ዛሬም ከዚያው ስንጥቅ ጋር ይታገላሉ።

ነገሩ የብርሃን ስስት ነው። መሣሪያው በአንድ ሰከንድ የሚሰበስበው ብርሃን የተወሰነ ነው። ያንኑ አንድ እንጀራ ለአሥር ሰው ስትቆርሱትና ለመቶ ሰው ስትቆርሱት የሚደርሰው እንደሚለያይ፣ ብርሃኑም በብዙ ቀለማት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ያነሰውን ለማሟላት ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ከቦታ፣ ከቀለምና ከጊዜ የትኛውን አጥብቆ የትኛውን እንደሚለቅ ገና ወረቀት ላይ ሳለ መወሰን አለበት።

እኔ ጊዜን መረጥኩ። ለዚህ ምርጫ የአዲስ አበባ ክረምትም አስተዋጽኦ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና በሚጋረድበት ከተማ ላይ ውድ መስታወት ገዝቶ ፀሐይን መጠበቅ ገንዘቡን ደመና ላይ መዝራት ይሆናል። የሬዲዮ ሞገድ ግን ደመናን አያውቅም። በሜትር የሚለካ ርዝመት ያለው ሞገድ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን አንቴናችን ድረስ ይመጣል።

የፀሐይ ሬዲዮም በአጋጣሚ፣ ያውም በጦርነት መካከል የተገኘ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 የእንግሊዝ ጦር ራዳሮች በድንገት ታወኩ። ጀርመኖች የማወኪያ ዘዴ አመጡ ተብሎ ተሰጋ። ጉዳዩን እንዲመረምር የታዘዘው ጄምስ ሄይ የማወኩ አቅጣጫ ፀሐይን ተከትሎ እንደሚዞር ደረሰበት። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አውስትራሊያዊያን ሥራውን ወደፊት ገፉት። ፖል ዋይልድና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1949 በሲድኒ አቅራቢያ በምትገኘው ፔንሪዝ ከ70 እስከ 130 ሜጋ ኸርዝ የሚቃኝ ስፔክትሮግራፍ ሠርተው የፀሐይን የሬዲዮ ፍንጣቂዎች ዓይነት አንድ፣ ዓይነት ሁለትና ዓይነት ሦስት ብለው መደቡ። ይህ አመዳደብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። የፀሐይ የላይኛው ከባቢ ፕላዝማ ነው፤ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ተለይተው የሚዋኙበት ጋዝ ማለት ነው። ፕላዝማ ሲነካ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ይንቀጠቀጣል። ፍሪኩዌንሲው የሚወሰነው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ባሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ብቻ ነው፤ የብዛቱን ስኩዌር ሩት በ9 ስናባዛው በኪሎ ኸርዝ እናገኘዋለን። መቶ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ካለ 90 ሜጋ ኸርዝ ይሆናል። ከፀሐይ ገጽ ወደ ውጭ በራቅን ቁጥር ፕላዝማው እየሳሳ ስለሚሄድ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። በመሆኑም ሬዲዮኑ ላይ የምናነበው ቁጥር ከፍታ መለኪያ ሆነልን ማለት ነው። እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያቆራኘኝ እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ነው፤ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ከፍታ በሬዲዮ መቃኛ ማንበብ!

ሒሳቡን አንድ እርምጃ እናስኪደው። ከፍንዳታ የተወነጨፉ ኤሌክትሮኖች ከ160 ሜጋ ኸርዝ ከፍታ ተነስተው 40 ሜጋ ኸርዝ ከፍታ ላይ ደረሱ እንበል። ፍሪኩዌንሲው በአራት ሲቀንስ የፕላዝማው ጥግግት በ16 ቀንሷል። አሜሪካዊው ጎርደን ኒውኪርክ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው የጥግግት ሞዴል ስናሰላው በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው ርቀት 350,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ኤሌክትሮኖቹ በሰከንድ 90,000 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ከሆነ ይህን መንገድ በአራት ሰከንድ ያህል ያልፉታል። ዓይነት ሦስት የሚባለው ፍንጣቂ ይህ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ትንሽ የቀረው መስመር ሆኖ ይታያል። ፍንዳታው የድንጋጤ ሞገድ አስነስቶ ከሆነና ሞገዱ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ግን ያንኑ ርቀት ለማለፍ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ዓይነት ሁለት ነው፤ በቀስታ የሚያዘቀዝቅ መስመር ያወጣል። ከመስመሩ ቁልቁለት ተነስቶ ማን እንዳለፈና በምን ፍጥነት እንዳለፈ መናገር ይቻላል።

ከዚሁ ሒሳብ የመሣሪያው ዋና ቁጥር ይወጣል። አራት ሰከንድ የሚቆይን ነገር በየአሥር ሰከንዱ የሚቃኝ መሣሪያ ላያየው ይችላል፤ ቢያየውም ቁልቁለቱን አይለካም። በሰከንድ አራት ጊዜ የሚቃኝ ግን በዚያው ፍንጣቂ ላይ 16 ያህል ነጥቦች ያገኛል። ይበቃል።

የሚያስደስተው ነገር እንዲህ ያለው መሣሪያ ከባዶ መፈልሰፍ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው መሐንዲስ ክርስቲያን ሞንስታይን ካሊስቶ የሚባል ስፔክትሮግራፍ ነድፎ፣ ንድፉም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሳይንሱ ዓለም ታትሟል። ልቡ ለኬብል ቴሌቪዥን የሚያገለግል ተራ ቱነር ነው። ቻናል የምንቀይርበት ያው ዕቃ እዚህ በሰከንድ 800 ጊዜ ፍሪኩዌንሲ ይቀያይራል፤ ይኸውም 200 ቻናል በሰከንድ አራት ጊዜ ማለት ነው። የሚቃኘው ከ45 እስከ 870 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ነው። በ1967 ራዳሮቹ የታወኩበት 440 ሜጋ ኸርዝ ገደማም በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ዋጋው በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ ከህንድ እስከ ሞሪሸስ፣ ከአውሮፓ እስከ አላስካ ተተክሎ በአንድ መረብ ተያይዟል።

ወዳጆቼ ለሚያነሱት የናሳ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ፀሐይን ከመሬት ሆኖ ሃያ አራት ሰዓት ለመከታተል አንድ ትልቅ መሣሪያ አይረዳም፤ ዙሪክ ላይ ስትጠልቅ አለቀ። በዲሴምበር ወር ዙሪክ ፀሐይ የምታየው ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አዲስ አበባ ግን በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በታች አይወርድባትም። ስለዚህ የምንጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን የቆምንበትን ቦታ ነው።

ለነገሩ ሀገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ነው። ከተማችን ከማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ፍንዳታ ሲደርስ በከባቢ አየር ውስጥ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ጅረት እዚህ ጎልቶ ይታያል፤ የማግኔት መለኪያው መስመር ድንገት ዘለል ብሎ ይመለሳል። ማግኔቱ የሚመዘግበው ግን ፍንዳታው ምድር ላይ ያደረሰውን ነው። ፀሐይ ላይ የሆነውን የሚነግር ሬዲዮ አጠገቡ ቢኖር ሁለቱን መዝገቦች በሰከንድ ማስተያየት ይቻል ነበር።

ወደ ንድፌ ልመለስና ስለ አንቴናው ልናገር። ብዙ ሰው የፀሐይ ሬዲዮ ሲባል ግዙፍ ዲሽ ይታየዋል። እስቲ እናስላው። ከ45 ሜጋ ኸርዝ ጀምሮ ሰፊ ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል፣ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደሩ ዘንጎች ያሉት የቴሌቪዥን አንቴና የሚመስል አንቴና 60 ዲግሪ ያህል ስፋት ያያል። ፀሐይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት። በስፋት ሲሰላ ከአንቴናው ዕይታ 14,400ኛውን እጅ ብቻ ትሸፍናለች። በ100 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የፀሐይ ሙቀት አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ሆኖ ቢታይም አንቴናችን ላይ የሚደርሰው 70 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም የራሳችን ጋላክሲ፣ 1,000 ዲግሪ ያህል ጫጫታ ይለቃል። ስለዚህ ሰላማዊዋ ፀሐይ በጋላክሲው ጫጫታ ውስጥ ተውጣ አትታይም። ፍንዳታ ሲመጣ ግን ድምፁ በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ 70 ዲግሪው 70,000 ይሆንና ጋላክሲውን ጥሎ ያልፋል። ፍንዳታን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትንሿ አንቴና ትበቃለች።

አንቴናዋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን መከተል አለባት። እዚህ ላይ ደግሞ ዘጠነኛው ዲግሪ ላይ መኖራችን ጠቀመን። በእኛ ሰማይ ፀሐይ ከምሥራቅ ተነስታ በአናታችን አካባቢ አልፋ ወደ ምዕራብ ትወርዳለች፤ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የምታዘነብለው 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ያ በ60 ዲግሪው ዕይታ ውስጥ ይጠቃለላል። በመሆኑም በአንድ ዘንግ ብቻ የሚዞር፣ ሳተላይት ለመቀያየር ዲሽ የሚያዞረው ዓይነት ሞተር በቂ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ለኬክሮስ የሚስተካከልበት ምልክት አብሮት ስላለ 9 ላይ ማድረግ ብቻ ነው። ማጉያው ግን አንቴናው ሥር እንጂ ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም፤ ኬብሉ የበላውን ሲግናል በኋላ ማጉላት ጫጫታውንም አብሮ ማጉላት ነውና።

ፈተናው የሚመጣው ከፀሐይ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ የኤፍኤም ጣቢያዎች አሉ። በከተማው መካከል ካለ ጣሪያ ላይ ሆኜ ይህን ክልል ስቃኘው መርካቶን በቅዳሜ ቀን የማየት ያህል ነበር። ክፋቱ እነሱ ያሉበት ክልል መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ኃይለኛ ጣቢያ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ሲጭነው የሌሉ ጣቢያዎች በሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ከማጉያው በፊት ኤፍኤምን የሚዘጋ ማጣሪያ ግድ ይላል። ቀጥሎ ካሊስቶ ሙሉ ክልሉን በ62.5 ኪሎ ኸርዝ እርምጃ፣ ማለትም በ13,200 ነጥቦች እንዲቃኝ ይደረግና ከዚያ ውስጥ ጸጥ ያሉት 200ዎቹ ይመረጣሉ። ፍንዳታው ሰፊ ክልል ስለሚሸፍን እዚህም እዚያም የተዘለሉ ፍሪኩዌንሲዎች መዝገቡን አያበላሹም።

የቀረው ቀላል ነው። በየ15 ደቂቃው የሚዘጋ ፋይል 3,600 ቅኝት በ200 ቻናል ይይዛል፤ 720,000 ባይት መሆኑ ነው። የአሥራ ሁለት ሰዓት መዝገብ 35 ሜጋ ባይት አይሞላም። ኔትወርኩ ሲዳከም እንኳ ማታ ማታ ይላካል። መሣሪያው የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ መቀጠል ይችላል። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ግን ዘወትር መስተካከል ይኖርበታል፤ የሁለት አህጉር መዝገቦችን ለማስተያየት አምስት ሰከንድ የተሳሳተ ሰዓት አንድ ሙሉ ዓይነት ሦስት ፍንጣቂ ያህል ስህተት ነው።

ይህ መሣሪያ የማይነግረን ነገርም አለ። ፍንዳታው በፀሐይ ገጽ ላይ የት እንደተነሳ አያውቅም፤ ምስል የለውም፤ የጋዙንም ዓይነት አይለይም። ቦታውን ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጠቀው የናሳ የፀሐይ ኦብዘርቫቶሪ በነፃ ከሚያሰራጫቸው ምስሎች ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

አሁን የያዝኩት ሥራ ቦታ መፈለግ ነው። ከኤፍኤም ማሰራጫዎች በተራራ የተከለለ፣ ምሥራቅና ምዕራቡ ግን የተገለጠ ሸለቆ እፈልጋለሁ። እስካሁን በሄድኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ከጣቢያዎቹ ይልቅ ያስቸገረኝ ቅርብ ያለው ጫጫታ ነው፦ የርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የሞባይል ቻርጀር፣ የላፕቶፑ የራሱ ኃይል መስጫ። ባለፈው ጊዜ በ60 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በየቅኝቱ ይመጣ የነበረ ግርዶሽ አስቸግሮኝ ነበር። የጥበቃው ሰውዬ ስልኩን ከቻርጀር ሲነቅል ጠፋ።